አባቴ፣ ባሌና የእንጨት ብስኩት

አባቴና ባሌ ከአንዱ ክረምት እስከ ሌላው ክረምት ሳይነጋገሩ እኔ ቤት አንድ ገበታ ላይ ምሳ በልተዋል። የተጣሉት በርስት አይደለም፤ በሃይማኖትም አይደለም። የተጣሉት መዳፍ ውስጥ በምትደበቅ ስስ እንጨት ነው። ሞላላ ናት፤ ሁለቱ ጫፎቿ ሾል ይላሉ። ብስኩት ስለምትመስል ስሟም ብስኩት ሆኖ ቀረ።

ሁለቱም አናጢዎች ነበሩ፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ግሪክ ወርክሾፕ ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር። ያኔ ድሬ ላይ ነጭ ሁሉ “ሙሴ” ስለሆነ ግሪኩንም ሙሴ እንለው ነበር። አባቴ ጠላት ከአገር ከወጣ ጀምሮ እሱ ዘንድ ነበር። ሙሴ ሲቆጣ በግሪክኛ ይሳደባል፤ አባቴ በኦሮምኛ ይመልሳል፤ ሥራውን ግን የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው፤ ሁለቱም አማርኛን በወጉ ስለማያውቁት ብዙም አይጋጩበትም።

እኔን የዳረኝም ያው ወርክሾፕ ነው። አንድ ቀን አባቴ ወንበር ተሸክሞ መጣና ቤት መሀል ገልብጦ አስቀመጠው።

“እስቲ እግሩን እዪው” አለኝ።

አየሁት። የአንዱ እንጨት ወንዴ የሌላው ሴቴ ውስጥ ገብቷል፤ መጋጠሚያው ላይ ፀጉር አያስገባም። ሚስማር የሚባል የለም።

“ይሄን የሠራው ልጅ ሚስት የለውም” አለ አባቴ።

ልጁን ያየሁት ወንበሩን ካየሁ ብዙ ቆይቼ ነው። የወንበሩን ያህል ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ክፉ ግን አልነበረም። እሺ አልኩ። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ከሠርጉ በኋላ አባቴ ምሳውን እኛ ቤት መብላት ያዘ። ሁለቱ እኩለ ቀን ላይ ሰጋቱራ እንደለበሱ ይመጣሉ፤ ስለ እንጨት እያወሩ ይበላሉ፤ ስለ እንጨት እያወሩ ይሄዳሉ። እኔን ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ እኔም አልከፋኝም።

ማሽኑ የመጣው ከጅቡቲ በባቡር ነው። ሙሴ ለወንድሙ አውሮፓ ጽፎ ያስመጣው ነው። በእጅ የሚያዝ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከአንድ ጀበና ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው አሉ። ጣውላው ጫፍ ላይ ሲደገፍ ከሆዱ ትንሽ ክብ መጋዝ ብቅ ትልና እንደ ግማሽ ጨረቃ ቦይ ቆርጣ ትመለሳለች። በሌላው ጣውላም ላይ እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱ ቦዮች ኮላ ይቀባሉ፤ ብስኩቷ መሀላቸው ትገባለች፤ ኮላውን ጠጥታ ታብጥና ሁለቱን ጣውላ ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች። አባቴ ግማሽ ቀን የሚለፋበትን መጋጠሚያ ማሽኑ አንድ ሲጋራ ሳይጨስ ይጨርሰዋል።

ከማሽኑ ጋር የመጣውን የብስኩት ካርቶን መጀመሪያ የከፈተው የወርክሾፑ ዘበኛ ነው፤ ሱማሌ ነው፤ ቁምነገረኛ ሰው ነው። አንዷን አነሳና ነከሳት። ጥቂት አኘከ።

“ስኳር የለውም” አለ፤ ካርቶኑንም ከደነው።

ሙሴ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ማሽኑን አሳየ። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እስኪያልቅ አየ።

“ይሄ ስንት ዓመት ይይዛል?” አለ።

“አውሮፓ ሁሉ በዚህ ነው የሚሠራው” አለ ሙሴ።

“አውሮፓ ይሞቃል?”

ሙሴ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ድሬ ላይ ግንቦትን ያየ ሰው ጥያቄው ይገባዋል። በእኛ ሙቀት የተዘጋ ሳጥን ብቻውን ጧ ብሎ ይሰነጠቃል።

“እኔ አልነካውም” አለ አባቴ። ሙሴ ዞር ዞር ብሎ አየና ማሽኑን ለባሌ ሰጠው። ባሌም ተቀበለ። ጠቡ በዚያች ደቂቃ ጀመረ።

ስለ ድሬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር ሽማግሌውም፣ ሹሙም፣ አማቱም “አንተ” ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ባለጌ ይለናል፤ እኛ ግን ፍቅር ነው የምንለው። ባሌም አባቴን ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ አንተ እያለ ነው የኖረው። በዚያን ዕለት ምሳ ላይ ግን ባሌ ቀና ብሎ፣ “እርስዎ ለምን አልሞከሩትም?” አለው።

አባቴ ጉርሻውን አስቀመጠ። “እርስዎ ስለሞከሩት ይበቃል” አለው።

ሁለቱ በእናት ቢሰዳደቡ ያን ያህል አልደነግጥም ነበር።

ከዚያ በኋላ እርስዎ መባባሉም ቀረና በእኔ በኩል ይነጋገሩ ጀመር።

“ለባልሽ ንገሪው፣ ጨው ያቀብለኝ” ይላል አባቴ። ጨው ባሌ ክርን ሥር ነው።

“ጨው አቀብለኝ ይላል” እላለሁ።

“ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ይኸውና።”

“ይኸውና ይላል።”

እንዲህ እያልን ኖርን። ጎረቤቶቼ ሊያስታርቁ መጡ። አንዷ፣ “ለመሆኑ በምን ተጣሉ?” ስትል “በብስኩት” አልኳት። ቀፊራ ገበያ ሄዳ አንድ እሽግ ብስኩት ገዝታ መጣች፤ ለሁለቱም እኩል አካፈለች። አመስግነው በሉ።

ወራት ካለፉ በኋላ መጋላ ሰፈር ያለ አንድ ዓረብ ነጋዴ ልጁን ሊድር ሆነና ለሙሴ ትልቅ ሥራ አዘዘ፤ ቁም ሳጥን፣ የግብዣ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን የሚሞሉ ወንበሮች። ቀኑ ቅርብ ነበር። ሙሴ “ሁሉም በማሽን” አለ። አባቴ “ወንበሩ አይሆንም” አለ። ሙሴ “ሁሉም” አለ።

በዚያ ሰሞን ባሌ ሰጋቱራውን ሳያራግፍ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

“ወንበሩ አይሆንም” አለኝ። “የወንበር እግር ጠባብ ነው፤ ብስኩቷ ሙሉዋን አትገባም፤ እየቆረጥኩ ነው የማስገባት። ሰው ደግሞ ወንበር ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይወዛወዛል።”

“ታዲያ አባቴ ያለው ይሄንኑ አይደል?”

“ለዚህ እኮ ነው የማልናገረው” አለ። “እንዳትነግሪው።”

በማግስቱ አባቴ ቀድሞ መጣ። ባሌ እስኪደርስ በሩን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “የጠረጴዛውን ገጽ አየሁት” አለኝ። “ጣውላዎቹ አንድ ሆነዋል። ከታች ገብቼ በጥፍሬ ዳበስኩት፤ መጋጠሚያውን አላገኘሁትም። ቁም ሳጥኑም ደህና ነው።”

“ንገረዋ!”

“አቦ ተይኝ!” አለ። “እንዳትነግሪው።”

እኔም ለአንዳቸውም አልነገርኩም። የተነገረኝን እንዳደርስ እንጂ አትንገሪ የተባልኩትን እንዳደርስ ማንም አልላከኝም።

የሠርጉ ምሳ ላይ ሁላችንም ተጠራን። ነጋዴው ወግ አዋቂ ሰው ነበር፤ ለክርስቲያን እንግዶቹ ለብቻ አሳርዶ ለብቻ አስቀርቧል። ታዲያ ክርስቲያኖቹ ጥቂት ስለነበርን አባቴና ባሌ አንድ ጥግ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወንበሮቹ ቫርኒሻቸው እንደ መስታወት ያበራል። ሴቶቹ ለብቻ ነበርን፤ የእኛ ክፍል መስኮት ግን ወደ አዳራሹ ነው የሚከፈተው፤ እኔ መስኮቱ ሥር ነበርኩ።

ሁለቱን አየኋቸው። ሌላ ሰው ቢያያቸው ተቀምጠዋል ነው የሚለው። አልተቀመጡም። ቂጣቸው ወንበሩን ነካ አድርጎ ክብደታቸው በሙሉ እግራቸው ላይ ነው፤ ጭናቸው ይንቀጠቀጣል። አባቴ ከባሌ አልተማከረም፤ ባሌም ከአባቴ አልተማከረም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተንፈላስሶ ሲበላ ሁለት አናጢዎች ብቻ ቁጢጥ ብለው ይበላሉ። ሙሴ እንኳ ከነጋዴው አጠገብ ተደላድሎ ነበር።

የሙሽራው አጎት ግዙፍ ሰው ናቸው። ሩዙን ሊያነሱ ዘንበል አሉ። ወንበሩ አልተሰበረም፤ ድምፅም አላሰማም። እግሮቹን ቀስ እያለ ፈርከክ አደረገና እንደ ግመል ተንበረከከ። አጎትየው መሬት ላይ ደረሱ። ፊታቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው አሁንም ሩዙ ውስጥ ነበር። አጠገባቸው የነበሩት ሰው ምን ሆኑ ብለው ዘወር ሲሉ የእሳቸውም ወንበር ሄደ። ያኔ አዳራሹ በሙሉ አንዴ ብድግ አለ።

ማንም አልሳቀም። ነጋዴው ዙሪያውን አየ፤ ቆሞ የቀረውን እንግዳ አየ፤ ከዚያ በእርጋታ፣ “ምንጣፍ አምጡ” አለ። ምንጣፍ መጣ፤ ትሪዎቹ ወረዱ፤ ሰዉም ጫማውን እያወለቀ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። አንድ የሐረር ሽማግሌ፣ “ድሮስ ወንበር ማን ጠይቋችሁ ነው?” አሉ፤ በእፎይታ። ሙሴም አመድ መስሎ፣ ክራባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ እግሩን አጣጥፎ በእጁ በላ።

ጥጋቸው ላይ አባቴና ባሌ ግን አሁንም ቁጢጥ እንዳሉ ናቸው። ማን መጀመሪያ እንደሚነሳ የሚጠባበቁ ይመስላሉ። በመጨረሻ አባቴ ፊቱን ሳያዞር፣ “አንተ፣ ተነሳ እንጂ፤ ጉልበቴ ሞተ” አለ።

“አንተ ቅደም” አለ ባሌ። “ትልቅ ነህ።”

ተያይዘው ተነሱ። ባሌ አባቴን በብብቱ ደገፈው፤ የእሱም እግር ደንዝዞ ስለነበር ሁለቱም ሊወድቁ ትንሽ ቀራቸው። እኔ መስኮቱ ሥር እንባዬ መጣ። አጠገቤ ያለችው ሴት፣ “ምነው፣ ሙሽራዋ ዘመድሽ ናት?” አለችኝ። አዎ አልኳት።

በማግስቱ ወንበሮቹን በጋሪ ጭነው መለሱ። ሙሴ ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ማሽኑን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎታል።

“በሚቀጥለው ባቡር ይመለሳል” አለ። “አዋረደኝ።”

ያን ማሽን እስከዚያ ቀን በእጁ ያልነካው አባቴ ጆንያውን ፈታው።

“ጠረጴዛውን አላየህም?” አለው። “ሰው ሁሉ ደንግጦ ሲነሳ ተደግፎት ነው የተነሳው። ንቅንቅ አላለም። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ የማይችለውን ነው ያሸከምከው። ሰውን የሚሸከመውን ለኛ ተወው፤ ልብስና ሳህን የሚሸከመውን ለሱ ስጠው።”

ሙሴ ባሌን አየው። ባሌ “እኔም እንደዚያ ነው የምለው” አለ። ለምን ቀድሞ እንዳልተናገረ ማንም አልጠየቀውም። ወንበሮቹን ሁለቱ ሆነው በመሮ እየፈለፈሉ እንደገና በወንዴና በሴቴ ገጠሟቸው። ነጋዴው ተቀበላቸው፤ ግን እስኪሞት ድረስ እንግዳ የሚያስቀምጠው ምንጣፍ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወርክሾፑ በዚያ ደንብ ሠራ። አባቴ ከማሽኑ ጋር እንዳልታረቀ ይናገር ነበር እንጂ የቁም ሳጥን ሥራ ሲመጣ “ለማሽኑ ስጡት” ማለት ለመደ። ሙሴ አርጅቶ አገሩ ሲገባ ማሽኑን ለባሌ ተወለት። ያኔ ሌላ ችግር መጣ፤ ብስኩቱ አለቀ። ጅቡቲ አስጠየቅን፤ የለም። አዲስ አበባም የለም፤ የጠየቅነው ባለሱቅ የሚበላውን ነበር የላከልን።

ባሌ ማሽኑን ጠርጎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። አባቴ ያኔ ከሥራ ወጥቶ እኛ ጋ መኖር ጀምሮ ነበር። ጥቂት ቀን መደርደሪያውን ሲያይ ሰነበተና አንድ ጠዋት አንዲት የቀረች ብስኩት አምጡልኝ አለ። አገላብጦ አያት፤ ብርሃን ላይ ያዛት፤ በጥርሱ ሰበራት።

“የእንጨቱ ጅማት በአግድም አይደለም፣ በቁመትም አይደለም” አለ። “በማዕዘን ነው የሄደው። ለካ ለዚህ ነው የማትሰነጠቀው።”

ያን ቀን ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ከዋንዛ እየላገ፣ በመሮ እየቀረጸ ብስኩት መሥራት ጀመረ። ማሽን ግማሽ ቀን የሚያድነውን ሥራ አባቴ ሙሉ ቀን ተቀምጦ ያዘጋጅለታል። ከቀረጻቸው በኋላ በሞርሳ ብረት መሀል ጨምቆ ያሳድራቸዋል፤ ከዚያ የምጣድ ያህል በሚግለው የቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ ያሰጣቸዋል፤ ደርቀው ኮላ ሲነካቸው እንዲያብጡ። ከመልካ ጀብዱ ወተት የምታመጣልን ሴት ጣሪያውን አይታ፣ “ምንድነው ያሰጣችሁት?” ትላለች። “ብስኩት” እላታለሁ። ነገሩን አትገፋበትም ነበር።

አንድ ጊዜ ከባቡር ጋራዥ አንድ ወጣት አናጢ መጥቶ፣ እንዲህ ያለ ማሽን ላስመጣ እያሰብኩ ነው፣ አሁንም ይጠቅማል ወይ ብሎ አባቴን ጠየቀው። አባቴ መሮውን አስቀመጠ።

“ምን ልትሠራበት ነው?”

“ሁሉንም።”

“ሁሉንም ከሆነ አይጠቅምም” አለው። “ሳጥን ከሆነ አስመጣ። ብስኩቱን ከእኔ ትወስዳለህ። ከአውሮፓው ይሻላል።”

ባሌ ከኋላ ሆኖ እንደማይሻል በጭንቅላቱ ምልክት ሰጠው። ወጣቱ ማሽኑን አላስመጣም፤ አባቴ ግን ትእዛዝ እንደተቀበለ ቆጥሮ ለሱ የሚሆን ብዙ ቀርጾ አኖረ።

ዓይኑ እስኪደክም ድረስ ሠራ። መሮ እንዳይዝ ሲከለከል ሥራውን ባሌ ጀመረው። ባሌ እየቀረጸ አንዳንዷን ለአባቴ ያቀብለዋል፤ አባቴ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ያሻትና፣ “ወፍራም ናት” ብሎ ይመልሳታል። እኔም አንድ ቀን የመለሳቸውን ወስጄ ዳበስኩ። እውነትም ወፍራም ነበሩ።