መስኩ ሁሉ ነጭ የሆነ ጠዋት

አቶ ካሱ ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋ፣ ገረሴ ከተማ ዳር፣ ከግጦሽ መስኩ በላይ ባለው ቤታቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ይሸምናሉ። ክሩን የሚፈትሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሻሺቱ ናቸው። በመንደሩ የማይሸምን ወንድ ጥቂት ነው። አንድ ልጃቸው ዳግም ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር።

ዳግም አዲስ አበባ በመሐንዲስነት ተቀጠረ፤ በትርፍ ሰዓቱ በረራ ተማረ። የግል አብራሪነት ፈቃድ ያገኘው ጥቅምት ላይ ነው። በኅዳር ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ተከራይቶ ብቻውን አርባ ምንጭ አረፈ። እዚያው ሴቻ ሰፈር ካለ ሆቴል ለአባቱ ደወለ።

«ነገ ጠዋት በቤታችን ላይ አልፋለሁ፣ አባዬ። ውጡና እዩኝ።»

«አንተስ እኛን ታየናለህ?»

«ከላይ ሲያዩት ቤቱ ሁሉ አንድ ነው።»

«ምልክት አደርግልሃለሁ» አሉት።

ምልክቱ ቡሉኮ ነበር። አቶ ካሱ በጠዋት ተነሥተው አዲስ የሸመኑትን ወፍራም ነጭ ቡሉኮ ከደጃቸው ፊት ሣሩ ላይ ዘረጉት። ጎረቤታቸው ሀብተሚካኤል አያቸው።

«ካሱ፣ ዛሬ ገበያው መስክ ላይ ነው እንዴ?»

«ዳግም በላይ ያልፋል። ቤቱን እንዲለይ ብዬ ነው።»

«በዚህ በሳሳ ቡሉኮ? ይኼ እንኳን ከሰማይ፣ ከኔ ደጅም አይታይ።»

ሀብተሚካኤል ገብቶ የራሱን አወጣ። የእሱን ያየ ሌላው አወጣ። የመንደሩ ልጅ በሰማይ ሲመጣ ደጅን ባዶ ማሳየት ነውር መሰላቸው። ሦስት ሰዓት ላይ መስኩ ሁሉ ነጭ ነበር። ምልክት የሌለው ቤት ጠፋ፤ ስለዚህ ምልክትም ጠፋ። ያን ጊዜ ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም።

አውሮፕላኑ በጫሞ ሐይቅ በኩል መጣ። አንድ ጊዜ ዞረ። ሴቶቹ እልል አሉ። ዝቅ ብሎ ደግሞ ዞረ። በሦስተኛው አንድ ክንፉ ወደ ታች ወረደ፤ አልተመለሰም። ከመስኩ ማዶ ካለው ገደል ውስጥ ወደቀ። ዳግም እዚያው ሞተ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ፅዮን የምትባል የአደጋ መርማሪ ወደ ቤታቸው መጣች።

«ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው» አለቻቸው። «ዝቅ ብሎ፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ በጠባቡ ሲዞር አየሩ አውሮፕላኑን መሸከም አቃተው። ብዙ የበረረ ሰው ይህን አይሞክርም። እሱ የበረረው በጠቅላላው ስድሳ ሰባት ሰዓት ነው።»

አቶ ካሱ አላቋረጧትም። ስትጨርስ ጠየቋት።

«የኛን ቡሉኮ አይቶታል?»

ፅዮን ወረቀቷን ገለጠች። «ለአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ በሬዲዮ የተናገረው አለ። ‹መስኩ ሁሉ ነጭ ነው› ብሏል። እየሳቀ።»

«የኛን ለየው?»

«እሱን ማወቅ አልቻልንም፣ አባቴ።»

ከአደጋው ወዲህ መንደሩ ልብስ መስክ ላይ ማስጣት ትቷል። አጥበው ከቤት ጀርባ አጥር ላይ ይሰቅላሉ። ሀብተሚካኤል በአቶ ካሱ ደጅ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል። በለቅሶው ሰሞን እንኳ ራቅ ብሎ ነበር የተቀመጠው።

ፅዮን በሄደች ማግስት አቶ ካሱ ወደ ሀብተሚካኤል ቤት ሄዱ።

«ቡሉኮህን አውጣ።»

«ተወኝ፣ ካሱ። እኔ ባላወጣ ኖሮ ያንተን ብቻ አይቶ ይሄድ ነበር።»

«እኔም ባልጀምር አንተ አታወጣም ነበር። መስኩን አይቶ እየሳቀ ነበር አሉኝ። አውጣው።»

ሀብተሚካኤል ገብቶ ቡሉኮውን ይዞ ወጣ።

ሁለቱን ቡሉኮዎች አጥበው መስኩ ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። ወይዘሮ ሻሺቱ እንዝርታቸውን እንደያዙ ወደ ደጅ ወጡ። መጀመሪያ ልብሱን፣ ቀጥሎ በጫሞ በኩል ያለውን ሰማይ አዩ። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር።

ቡሉኮዎቹ ከቀትር በኋላ ደረቁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ማንም አላነሣቸውም።