የእትዬ አሰጋሽ አምፖል

ባሌ አብዱሰመድ እጁ ዐመድ አፋሽ ነው። ይህን የምለው ላማርር አይደለም፤ ማማረሩም ሰልችቶኛል። ቢቸና ገበያ ሬዲዮ ሲጠግን ሰዉ እጁን እየመረቀ ነበር ዕቃውን የሚወስደው። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ቀበሌያችን የሶላር መብራት ሲገባላት ጠባቂና ጠጋኝ አድርገው ቀጠሩት። ከዚያ ወዲህ ምርቃት የሚባል ነገር ቀረ። መብራት ሲጠፋ ስሙ ይጠራል፤ ሲበራ የሚያስታውሰው የለም። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ነገሩ ትልቅ አይደለም። በጤና ኬላውና በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ፓኔሎች አሉ፤ ከሥራቸው ሁለት የባትሪ ሣጥን፣ ከዚያ በምሰሶ የሚሄድ አንድ መስመር። እንደ ከተማው መብራት አይደለም፣ ዲሲ የሚሉት ነው። አርባ ቤትና የክትባቱ ፍሪጅ ከዚችው መስመር ይጠቀማሉ። ሁለቱ ባትሪዎች ጭነቱን እንዲካፈሉ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ አንደኛው ሲከብደው ቮልቱን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ ያን ጊዜ ሌላው ይደርስለታል። አብዱሰመድ «እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ከጎተተ እርሻ የለም» ይላል። ሥራው ይህን ማስተካከል ነው፤ እሱ ሲያስተካክል ሰው ሲያበላሽ።

መበላሸቱ ደግሞ ከደግነት መጣ። እኛ ዘንድ እሳት ልጫር ብሎ የመጣ ጎረቤት ባዶ እጁን አይመለስም። ፍም ቢሰጡ ከምድጃ አይጎድልም። ሰዉ መብራቱንም እንደ ፍም ቆጠረው፤ መስመር የደረሰው ላልደረሰው በአጥር ላይ ሽቦ እየጣለ አቀበለ። ማን ይከለክላል? አብዱሰመድ ራሱ ከቤታችን ለእትዬ አሰጋሽ አቀብሏል። እትዬ አሰጋሽ ከጎናችን ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አንዲት አምፖል ነች የተሰጠቻቸው፤ በእሷ ብርሃን ማታ ማታ ጥጥ ይፈትላሉ።

እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ጉልበቴ ታሞ የስፌት መኪናዬን መርገጥ ሲያቅተኝ፣ ከባሕር ዳር ሞተር አምጥቶ የገጠመልኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ ብቻ እሠራለሁ።

ባለፈው ክረምት፣ ፀሐይ ሲያጥር፣ መስመሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መብራቱ ይርገበገብና መቆጣጠሪያው ራሱን ያጠፋል። አንዴ አብዱሰመድ ሞጣ ለለቅሶ በሄደበት መስመሩ ዓርብ ጠፍቶ ሰኞ ታወቀ፤ ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ክትባት ሁሉ ተጣለ። በወሩ ደገመ። ከወረዳ የመጡት ሰዎች ሦስተኛ ከጠፋ ፍሪጁ ተነሥቶ ሞጣ ይሄዳል ብለው ጽፈው ሄዱ።

ከአማኑኤል ከተማ ተመድባ የመጣችው የጤና ሠራተኛ ባንቺዓለም ቤታችን መጥታ ተቀመጠች። ውኃ እንኳ አልጠጣችም።

«ሞጣ ድረስ ሕፃን አዝሎ በእግር አራት ሰዓት ነው፣» አለችው። «ግማሹ እናት አይሄድም። ኩፍኝ ገብቶ ልጅ ይዞ የወጣባቸውን ቤቶች አንተም ታውቃቸዋለህ።»

«አውቃቸዋለሁ፣» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። እኔንም አሳጣኝ። የቮልት መለኪያውን ይዞ ከምሰሶ ምሰሶ ሲዞር ይውላል፤ ማታ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ምንድን ነው ስለው አስረዳኝ። አምፖል ቮልት ሲቀንስባት ትደበዝዛለች እንጂ ማንንም አታስቸግርም። ኮንቨርተር የሚሉት ኃይል መቀየሪያ ያለው ዕቃ፣ ቴሌቪዥን በለው ሌላ፣ ድርሻዬ አይጎድልም ባይ ነው፤ ቮልቱ ሲወርድ የበለጠ ይስባል። በሳበ ቁጥር ቮልቱ ይወርዳል፣ በወረደ ቁጥር ይስባል፤ መስመሩን የሚያንቀጠቅጠው ይህ ነው። እኔም «እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም።

መጀመሪያ መቆጣጠሪያውን አጠበቀው። ንቅጥቃጡ ትንሽ ረገበ፤ መብራቱ ግን በየቤቱ ደበዘዘ። ገበያ ላይ «አብዱሰመድ ብርሃኑን ቀንሶ ለሌላ ሸጠው» ተባለ። ሰምቶ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ግን አፌ አያርፍም፤ ሁለት ሰው ተሳድቤ ገባሁ።

ቀጥሎ ተጨማሪዎቹን ሽቦዎች መቁረጥ ጀመረ። ከማን ጀመረ? ከእትዬ አሰጋሽ። ሰው ፊት «ከራሴ ቤት የወጣውን አስቀድሜ ቆረጥኩ» ሊል ነው። ፒንሳውን ይዞ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ።

«እትዬ፣ ለሕፃናቱ መድኃኒት ነው፣ አይቀየሙኝ፣» አላቸው።

«ለሕፃናቱ ከሆነማ ምን ይባላል፣» ብለው መርቀውት ገቡ።

ይህን ያየ ሌላው እንቢ ማለት አፈረ። በሁለት ሳምንት አሥራ አንድ ቤት ቆረጠ፤ አራቱ ቴሌቪዥን ነበራቸው። የሚያኮርፈው አኮረፈ፣ ሰላምታ የነሣን ነሣን። መስመሩ ግን አሁንም ቀን ቀን ይንቀጠቀጣል። ፍሪጁ እንዳይጠፋ የጤና ኬላው በር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ከስቶ ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለ።

ዒድ ደረሰ። ሦስት ቀን መኪናዬ ላይ አልተቀመጥኩም። ሦስቱንም ቀን መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ባንቺዓለም ለዒድ ልትጠይቀን መጥታ «እግዜር ይስጥህ፣ አበጀኸው» ስትለው መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜ ዞሬ የስፌት መኪናዬን አየሁ።

በአራተኛው ቀን የተማሪ ሱሪ አንሥቼ ሞተሩን አስነሣሁ። ከራሴ በላይ ያለችው አምፖል መርገብገብ ጀመረች። ሳቆም ረጋች። ደገምኩት፤ ያው ነው። ምሳ ሊበላ ሲገባ ጠበቅሁት።

«የኔ ሞተር ነው?»

እጁን ከትሪው አነሣ። «ነው። እሱም ኮንቨርተር አለበት።»

«መቼ ዐወቅህ?»

«በመጀመሪያው ሳምንት። ምሰሶው ሥር ቆሜ፣ ስትሰፊ ቁጥሩ ይዘላል፣ ስትተዪ ይረጋል። ሌሎቹን ካነሣሁ ላንቺ ቦታ ይገኛል ብዬ ነው።»

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ለጉልበቴ ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ወዲያው ደግሞ በቁሜ አፈርኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

«እትዬ አሰጋሽ አምፖል ብቻ ነበር የነበራቸው፣» አልኩት። «አምፖል አታስቸግርም ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ነኝ።»

«ተነሣና ሽቦውን ያዝ።»

ሞተሩን ራሴ ነቀልኩት፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስገባሁት። ከዚያ እትዬ አሰጋሽ በር ቆምን፤ እሱ ሽቦና ፒንሳ፣ እኔ ባዶ እጄን። አብዱሰመድ አንድ ሳያስቀር ነገራቸው፤ የሞተሩን፣ የኔን ጉልበት፣ ከእሳቸው ለምን እንደ ጀመረ። አዳመጡት። እንዝርታቸው እጃቸው ላይ ነበር።

«መልሼ ልቀጥልልዎ መጥቻለሁ፣» አለ መጨረሻ ላይ።

«እኔ ልጄ፣ አንተ ቆርጠህ እንደ ሄድህ አልተኛሁም፣» አሉ። «ያ የተጣለው መድኃኒት በኔ አምፖል ሰበብ ነው ብዬ፣ የሕፃናቱ ነገር ነው ብዬ፣ ሄጄ ለነፍስ አባቴ ተናገርኩ። ሰባት ቀን፣ በቀን አርባ አርባ ስግደት ሰጡኝ። በዚህ ጉልበት ሰግጄ ጨረስኩ።»

አብዱሰመድ ፒንሳውን መሬት አኖረ።

«አሁን የእርስዎ ጥፋት አልነበረም ብትለኝ፣ ያን ስግደት ለማን ልስጠው?» አሉት። የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከሙ ነው የሚመስሉት። «ተወው። ኩራዜን ለምጃታለሁ። ደህና እደሩ።»

ፍሪጁ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እናቶች ይሰለፋሉ። እኔ መኪናዬን በደህናው እግሬ እረግጣለሁ፣ ሱሪ አንዱን በሁለት ቀን። እኔና አብዱሰመድ በእትዬ አሰጋሽ በር ማለፍ ትተናል፤ በጤና ኬላው ጀርባ እንዞራለን።