የቡና ችግኙ አውጫጭኝ

ይህን ለሚስቴም ለመስጊዱ ሸህም ነግሬ አላውቅም። ለማታውቁኝ ለእናንተ ስነግር መጀመሪያዬ ነው፤ ስሙኝና ፍረዱ።

በስደት በምኖርበት በዓረብ አገር፣ አል-ዓሪዳ ውስጥ፣ የሀበሻ ልጆች የሚማሩበት ትንሽ ግቢ አለ። የከፈተችው የአገሬ ልጅ፣ የወሎዋ መምህርት ዘይነባ ናት። አለንጋ የለም፣ ሽምደዳ የለም። ልጆቹ ጠዋት ክብ ሠርተው ይቀመጡና ዛሬ ምን እንማር ብለው ይከራከራሉ። «ልጅ በገዛ ዓይኑ ያየውን አይረሳም» ትላለች ዘይነባ። በአለንጋ የተማርኩት እኔ ፍየል ጠባቂው መጀመሪያ ስቄባት ነበር። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፤ የዘይነባ ግን ከነክርክሩ ነው። በኋላ ፍየሎቼን እዚያው አጠገብ ማሰማራት አበዛሁ። ጫጫታቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ሲጣሉ ማን ይዳኛቸው ተብሎ ሲቸግር፣ አውጫጭኝን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በአገራችን ጥፋት ሲደርስ መንደሩ ተቀምጦ እያንዳንዱ ያየውን ይናገራል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ማንም አይነሣም። ዘይነባ ወደደችው። እኔም ኮርቼ ከልጆቹ እኩል መሬት ላይ መቀመጥ ጀመርኩ።

ልጆቹ ቡና ከሚበቅልበት ተራራ ከአድ-ዳኢር የመጣ የቡና ፍሬ አብቅለው፣ ችግኙን በየቀኑ በጣታቸው ይለኩ ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ እነሱ ክፍል ውስጥ ሳሉ፣ ውሃ ጠማኝ። የግቢውን በር ከፍቼ ገባሁ፣ ጠጣሁ፣ በሩን ሳልዘጋ ጥላ ሥር አረፍ ስል እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ፍየሎቼ ችግኙን ጨርሰውታል። እየነዳሁ ሳስወጣቸው ልጆቹ ደረሱ።

አውጫጭኝ ተቀመጥን። የበሩ ተረኛ ሰሚራ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። «ወላሂ ዘግቼዋለሁ፤ ገፍቼ አይቻለሁ» አለች። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። እኔ አስተማሪያቸው፣ እኔ ትልቁ ሰው! በልጆች ፊት እንዴት ልፈር? «እኔ ስደርስ ክፍት ነበር» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ሰሚራ ትክ ብላ አየችኝ። «እንግዲያ ተሳስቼ ነው፤ አባባ ሰይድ አይዋሽም» አለች።

ቅጣት እንኳን አልነበረም። ልጆቹ አብረዋት ሌላ ፍሬ ተከሉ፤ ኸላስ፣ አለቀ ተባለ። ዛሬ ቡናው ወገቤ ደርሷል። ሰሚራም አድጋ ታናናሾቿን ታስጠናለች፣ ትስቃለች። ታዲያ ምን ጎደለ? ሌላው ልጅ ሁሉ «አየሁ» ሲል እሷ «ይመስለኛል» ትላለች። በር ዘግታ ትሄድና ተመልሳ ትገፋዋለች። ዘይነባ ዓይንሽን እመኚ ብላ ያሳደገቻትን ልጅ፣ አትመኚ ያልኳት እኔ ነኝ። ይህንንስ በምን አመካኛለሁ? በእንቅልፍ? በጥም?

ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም። ነገ ጠዋት ልጆቹ መሀል እቀመጣለሁ። አፍራለሁ፣ ይበለኝ። ይቅር ባትለኝም አልከራከራትም። የምነግራት አንድ ነገር ነው፦ ሰሚራ፣ በሩን ዘግተሽው ነበር።