የሳምንት ምግቤን አዝዬ ዶርዜ ወጣሁ

ሰኞ፣ ከአዲስ አበባ መነሻ

ሽሮ ሜዳ ትንሽ የባህል ልብስ ሱቅ አለችኝ። በዓል ሲቃረብ ጋቢና ነጠላ ለመግዛት ወደ ዶርዜ እወርዳለሁ። የዘንድሮው ጉዞ ግን ሌላ ጣጣ ነበረበት። ሐኪሜ «ስኳርሽ ድንበሩ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ክብደትሽ ካልቀነሰ መድኃኒት እንጀምራለን» ብሎኛል። አባቴን የወሰደብኝ ስኳር ነው። መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ዓይኑን፣ በመጨረሻም ራሱን። ስለዚህ እየሳቅኩ ብጽፈውም ያን ቀን በጣም ፈርቼ ነበር።

እሑድን ሙሉ ስቀቅል ዋልኩ። ምስር፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ዶሮ፤ ዘይት የሚባል ነገር አልነካውም። ለየቀኑ ከፋፍዬ ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ሞላሁና ክዳኑ ላይ የቀኑን ስም ለጠፍኩ። የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣዬን ሲያነሳ ወገቡን ያዘ።

«እህት፣ አርባ ምንጭ ምግብ ጠፋ አሉሽ እንዴ?»

እስከ ሶዶ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ምዕራብ ዓባያ ስንደርስ ግን ሙዝ በመስኮት ይገባ ጀመር፤ አውቶቡሱ በሙዝ ሽታ ታፈነ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አንዱን ልጣ ዘረጋችልኝ።

«አመሰግናለሁ፣ ዕቅዴ ውስጥ የለም» አልኳት።

«ሙዝ ደግሞ ምን ዕቅድ ያስፈልገዋል? ያዢ እንጂ!»

እንዳይከፋት ግማሹን በላሁ። ከዚያ የቀረው ግማሽ ሲጠቁር ማየት አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ አርባ ምንጭ

ያደርኩበት ቤት ማቀዝቀዣ ስላለው ምግቤን ማታውኑ አስገብቼ ነበር። ጠዋት ስከፍተው ከክፍሌ ይልቅ ይሞቃል።

«መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም እኮ» አለችኝ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ፣ ፊቷን በደብተር እያራገበች። «ግን ይመጣል።»

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አሸተትኩ። የማክሰኞው ደህና ነው፤ ከዓርብ ወዲያ ያሉትም ምስርና ካሮት ብቻ ስለሆኑ ይችላሉ። ዶሮ ያለባቸው የረቡዕና የሐሙሱ ግን እስከ ማታ አይቆዩም። እኛ ቤት ደግሞ ምግብ መድፋት ነውር ነው፤ እናቴ ሰምታ ዝም አትልም። ስለዚህ ሳይበላሽ ብዬ የማክሰኞውን በላሁ፣ የረቡዕን አስከተልኩ፣ የሐሙሱንም ዶሮ ጋጥኩ። የሦስት ቀን ዕቅዴን በአንድ ቁርስ አሳካሁት።

ሆዴን ይዤ ወደ ዶርዜ በሚወጣው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ የአርባ ምንጭ ሐይቆች ከታች ይቀራሉ፣ ሙቀቱም አብሯቸው ይቀራል። ቀርከሃውና እንሰቱ ሲጀምር ሹራቤን አወጣሁ። ቅዝቃዜው ለተረፉት ምግቦቼ ጥሩ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የዓመታት ደንበኛዬ ሸማኔው አቶ ማሞ ነው። ሌላ ጊዜ ዕቃዬን ተረክቤ በዚያው ቀን እመለሳለሁ፤ አሁን ግን ጋቢዎቹ ገና ስላላለቁ እዚያው እንዳድር ሆነ። የቤታቸው በር ጠባብ ነው፤ ጎንበስ ብዬ በጎኔ ነው የገባሁት። ባለቤቱ ወይዘሮ አማረች የእንሰት ቆጮ በቅቤ፣ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አቀረበች። አቶ ማሞ ጸልዮ አሜን እንዳልን እኔ የዓርቡን ዕቃዬን አውጥቼ ከፈትኩ።

የሁሉም እጅ ባለበት ቆመ።

«የእኔ ቤት ምግብ ምን ሆኖ ነው?» አለች አማረች፣ ድምጿ ተሰብሮ።

ደነገጥኩ። በሰው ቤት ማዕድ ላይ የራስን ምግብ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያስቀይም የገባኝ ያኔ ነው። «ኧረ እትዬ አማረች! ሆዴን ትንሽ አሞኝ ነው!» አልኩ።

ረቡዕ፣ ዶርዜ

ጠዋት ስነቃ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ለቅሶ መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ አማረች የጸሎት ኅብረቷን ጠርታልኝ ነው! መሃል አስቀመጡኝና እጃቸውን ሆዴ ላይ ጫኑ።

«ይህን ሆድ የያዘው ሕመም ይልቀቅ!» ሲሉ ሆዴ፣ ቁርስ ያልቀመሰው ሆዴ፣ ጉርርር አለ።

«አሜን! እየለቀቀ ነው!»

ጸሎቱ እንዳለቀ አማረች በቅቤ የራሰ ቆጮ ፊቴ አስቀመጠች። «ብዪ እስቲ የእኔ ልጅ፣ መዳንሽን እንይ።»

ሁሉም አፌን አፌን ያያል። ብተወው ጸሎታቸው አልተሰማም ማለት ነው። በላሁ፤ እልልታው ቀለጠ። ደግመው ጨመሩልኝ፤ እሱም አለቀ። የኅብረቱ መሪ፣ ሽበታም ሽማግሌ፣ ደስ ብሏቸው «ነገ ጠዋት ጸሎት ቤት ቆመሽ ትመሰክሪያለሽ» አሉኝ።

እጄን ከሰሃኑ ላይ አነሳሁ። ማዕድ ላይ መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ ጸሎት ቤት ቆሞ መዋሸት ግን እንዴት ይቻላል?

«ሆዴን አላመመኝም» አልኩ። «ስኳር እንዳይዘኝ ፈርቼ ነው። አባቴ በሱ ነው የሞተው። ክብደት ቀንሺ ተብዬ የሳምንት ምግቤን አዘጋጅቼ መጣሁ፤ እናንተን እንቢ ማለት ደግሞ አቃተኝ።» እንባዬ መጣ።

 አማረች ወገቧን ያዘች።

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም? እኔ ቤት ጎመን ጠፍቶ ነው?»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠባቂ ተመደበልኝ። ነጠላ ልሰበስብ በየሸማኔው ቤት ስንዞር አማረች ቀድማኝ ትገባና «ቅቤ እንዳታሳይዋት! ስኳር ሊይዛት ነው!» ትላለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ገበያ ውስጥ አንዷ ቅቤ ሻጭ እኔን ስታይ ቅቤዋን በቅጠል ሸፈነች።

ስንመለስ እንሰቱ ሥር አማረች እርምጃዋን ቀነሰች።

«ያ ስኳር የምትሉት… ውሃ ያስጠማል?»

«አዎ።»

«ሌሊትም ያስነሳል?»

«አዎ።»

«እግርስ ያቃጥላል?»

ቆምኩ። «እትዬ አማረች?»

«ማሞ እንዳይሰማ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ጠዋት ላንቺ ሲጸልዩ እኔንም በልቤ ጨምሬ ነበር።»

ሐሙስ፣ እንደገና አርባ ምንጭ

የቀሩትን ጋቢዎች ሳልጠብቅ፣ አቶ ማሞን «ዕቃ ታግዘኝ» ብዬ ይዣት ወረድኩ። ብቻዋን የሆነች እንዳይመስላት እኔም እለካለሁ አልኳት። ክሊኒክ ውስጥ ጣቷን ሲወጓት እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። የእኔ እዚያው ድንበሩ ላይ ነው። የእሷ ግን ከፍ ያለ ስለነበር ደግመው ለኩት፤ መድኃኒት ሰጧት፣ ብዙም መከሯት።

«ቆጮስ?» ብላ ጠየቀች።

«በልኩ» አለቻት ነርሷ።

«የማን ልክ?»

እኔና ነርሷ ሳቅን፤ አማረች ግን እውነቷን ነበር።

ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን የተረፈውን ምግቤን ተካፈልን። አማረች አንዴ ጎርሳ ቀስ ብላ አላመጠች።

«ሳምንቱን ሙሉ ይህን ነው ልትበዪ የነበረው?»

«አዎ።»

«አይ የኔ ምስኪን!»

አዲስ አበባ

ቀጠሮዬ ደርሶ ሚዛን ላይ ስወጣ ትንሽ ቀንሻለሁ። «ገና ነው፤ ግን መድኃኒቱ ይቆይ» አለኝ ሐኪሙ። ከጉዞው የተማርኩት ለሰው ሳይነግሩ ያወጡት የምግብ ዕቅድ የመጀመሪያውን ደግ ሰው እንደማያልፍ ነው። እኔ ስላፈርኩ ዋሸሁ፤ አማረችም ስላፈረች ስንት ወር ተጠምታ ኖረች። አሁን እሑድ እሑድ ተደዋውለን የሳምንቱን ምግባችንን አብረን እናቅዳለን። እሷ መድኃኒቷን በደንብ ትወስዳለች፤ አቶ ማሞም ነገሩን አውቆ ከኋላ «ጎመኑን እኔም እየበላሁ ነው!» ብሎ ይጮሃል።

ባለፈው እሑድ ደወለች።

«የዚህ ሳምንት እንዴት ነበር? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ትናንት ሠርግ ነበረብኝ፣ እትዬ።»

«በላሽ?»

«በላሁ። ክትፎውንም፣ ኬኩንም።»

 ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

«ተመስገን!» አለች። «እኔም ትናንት ቆጮ በቅቤ በልቼ ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ስጨነቅ ነው ያደርኩት። በይ አሁን የሰኞን ንገሪኝ።»