አክስቴ ጀርባቸውን ሲሰጡት

ልጄ ስምንት ወር ሞልቶት ከጡት በቀር አልቀምስም ብሎ ከሳ። እኔ እንደ መምህርነቴ የምግብ ሰዓቱን በሠንጠረዥ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ እሱ አፉን ገጠመ።

አክስቴ ከነዳጅ ማጣሪያው ሠፈር በአሰብ ሙቀት በእግራቸው መጥተው ወረቀቱን ሲያዩ ሳቁ።

«አንቺ አስተማሪ፣ ይሄ ተማሪሽ አይደለም። አትለምኚው። ካልሰጡት ምኑን እምቢ ይላል?»

በዓሣ መረቅ የላመውን ድንች ተቀብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡና ጀርባቸውን ሰጥተውት እያጣጣሙ ይበሉ ጀመር። ልጄ ድሆ ደረሰባቸው፤ ነጠላቸውን ጎትቶ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እየመጡ እንዲሁ አበሉት።

ትናንት አርባቸው ወጣ። ዛሬ በርጩማቸው ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ እያጣጣምኩ በላሁ። ነጠላዬን የጎተተኝ የለም። ዞር ስል ልጄ በሩን ያያል። ማንኪያውን አስቀምጬ አብሬው አየሁ።