የክርስትና ስሟን የሚያውቅ ሰው

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ አንዴ የሰማችውን ግን አትረሳም። ጠላት ከወጣ በኋላ በተከፈተው ትምህርት ቤት ማንበብ ስማር፣ ከሰዓት በኋላ እሷ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ እንዳነብላት አዘዘችኝ። አባቴ መሪጌታ ነው። «ዓለማዊ ተረት» እያለ ያጉረመርማል፤ ምዕራፉ ሳያልቅ ግን ከደጃፉ አይነሳም።

በዚያ ዓመት አንድ ልብ ወለድ ወደድኩ። ልጅነት ነው፣ አትፍረዱብኝ፤ ደራሲውን ከሰው ሁሉ አስበልጬው ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ በጠላት ጊዜ ከቤተሰቧ ጋር ስትሰደድ ቆላ ላይ ንዳድ ይይዛትና መንገድ ላይ ትሞታለች። ጠላት ስለደረሰባቸው ሳይቀብሯት ይሄዳሉ። ያን ገጽ ያነበብኩ ዕለት እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ፍትሐት ሳይደረስላት?» አለች።

«እማየ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው። ልጅቷ የለችም።»

«ምነው ልጄ፣ የሌለችን ሰው ማን እንዲህ ያውቃታል? የጥርሷን ፍንጭት ሳይቀር?»

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በማግሥቱ የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄዳ «ተዝካር ላወጣላት ነው» አለች። እሳቸውም፣ ትተወው ብለው ይሁን የምራቸውን እንጃ፣ «የክርስትና ስሟን ሳላውቅ ምን ብዬ እጠራታለሁ?» አሏት። ሙታን በጸሎት የሚጠሩት በክርስትና ስማቸው ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ደግሞ የዓለም ስሟ ብቻ። እናቴ ዕረፍት አጣች። ጾም ገብቶ ጾም ወጣ፣ ምግብ በቀረበ ቁጥር «ያቺ ልጅ» ትላለች።

ታዲያ ደራሲው ጎንደር መጥቷል፣ ፒያሳ ካለው መጻሕፍት ቤት ለአንባቢ ሁሉ ይፈርማል ሲባል የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። «እኔም እሄዳለሁ» አለች እናቴ። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝና ተናደድኩ።

«እማየ፣ በማርያም፣ እንዳትጠይቂው። ይስቁብናል።»

«ይሳቁ። እኔ ስሟን እንጂ የሰው ሳቅ አልፈለግሁም» ብላ ነጠላዋን አነሳች።

መጻሕፍት ቤቱ ጠባብ ነው። አስተማሪው፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ ክራቫት ያሰረው የባንክ ሠራተኛ ሁሉ ተሰልፏል። ደራሲው ከመደርደሪያው ሥር ተቀምጦ ይፈርማል። ካሰብኩት ይልቅ አጭር ነው፤ ራሱም ገለጥ ብሏል። ቢሆንም ነጠላዬን ደጋግሜ አስተካከልኩ። ተራችን ደርሶ መጽሐፌን ስዘረጋ፣ አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ጌታው፣ እንደምን ዋሉ። ያቺ መንገድ ላይ የቀረችው ልጅ የክርስትና ስሟ ማን ነው? ተዝካሯን ላወጣ ብዬ ስሟ ቸገረኝ።»

ከኋላችን ሳቅ ተሰማ። ባለ ክራቫቱ ነው፤ እስከ ዛሬ አልወደውም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ደራሲው አልሳቀም። ብዕሩን አስቀምጦ ተነሣ።

«እትዬ፣ ታናሽ እህቴ ናት» አለ። «መጽሐፉ ላይ ስሟን ለወጥኩት እንጂ ጥለናት የሄድነው እኛው ነን። እናታችን አልሞተችም እያለች ስለኖረች ተዝካሯን ያወጣ የለም።»

የክርስትና ስም ባደባባይ አይነገርም፤ ክፉ ሰው ከሰማው መተት ይሠራበታል ይባላል። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ በእናቴ ጆሮ ነገራት። እሷም ስሙን ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ደጋገመችው።

«ሸጋ ስም ነው» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችና «እግዜር ያጥናዎ» ብላው አጠገቡ ካለች በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ለቅሶ ደረሰች ማለት ነው፣ እዚያው መጻሕፍት ቤት ውስጥ። ባለ ሱቁ ሊያስነሣት ከጀለ፤ ደራሲው በዓይኑ ከለከለው።

እኔም ሌላ ቃል ስላልመጣልኝ «እግዜር ያጥናዎ» አልኩ። ከኋላዬ ያለው አስተማሪ ባርኔጣውን አውልቆ እንዲሁ አለ፤ ቀጥሎ ያለውም። ባለ ክራቫቱ ሳይቀር ተራው ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ አለው። ደራሲው ለእያንዳንዱ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ፈረመ።

ልንወጣ ስንል «እትዬ፣ ተዝካሩ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ለፊታችን ቅዳሜ። እርስዎም ይምጡ እንጂ፣ ያለ ወንድም ይሆናል እንዴ?»

መጣም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከአባቴ ጎን ቆሞ፣ ቄሱ የእህቱን ስም ሲጠሩ ሰማ፤ ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ከጎረቤቱ ጋር በላ፣ ጠጣ። እናቴም ጠላውን በደገመችለት ቁጥር ስለ እህቱ ልጅነት እየጠየቀች እስኪመሽ አስወራችው።