ያልረገጥሁት ውታፍ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን ሌላ ሌላውን ኃጢአት እየዘረዘርሁ ይህችን አንዲቱን እየዘለልሁ አሥራ አንድ ዓመት ኖርሁ። አንተ የምታነበው ሰው፣ ፊትህን ስለማላየው ይሆናል አፌ የተፈታው። እሳቱን የለኮስሁት እኔ ነኝ። ሞላ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

የዘንገና አካባቢ ገበሬ ነኝ። በቤታችን አባቴ ከአባቱ የወረሰው፣ ከአፉ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ነበር። ባሩዱ በአፈሙዙ ይገባል፣ በላዩ ውታፍ ይጠቀጠቃል፣ ትልቅ ሰው ሲሞት ለክብሩ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ውታፉ ታዲያ ከባሩዱ ጋር ተስፈንጥሮ የሆነ ቦታ ይወድቃል። አባቴ ለዚህ ሕግ ነበረው። ውታፉ እርጥብ የበግ ጠጉር ይሁን፤ "ጥጥ እሳት ያሳድራል" ይል ነበር። ደግሞም የተኮሰ ሰው ውታፉን ተከትሎ ሄዶ በእግሩ ሳይረግጠው ወደ ለቅሶው አይመለስም።

አጎቴ የሞተ ዕለት አባቴ አርጅቶ ነበርና ጠመንጃውን ለእኔ ሰጠኝ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ እህሉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ነፋሱ ደረቅ ነው። ያዘጋጀሁት ጠጉር ለሦስት ተኩስ በቃ። ሦስቱንም እየሄድሁ ረገጥሁ። ሰዉ ግን "ድገም! ለእሱ ሦስት ያንሰዋል!" አለ። ጠጉር ፍለጋ ቤት ልመለስ? ማን ይመለሳል! አልቃሾቹ ሙሾ እያወረዱ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ መሀል ቆሜ! ከጋቢዬ ጫፍ ቀደድሁ። ደረቅ ጥጥ፣ ያውም እያወቅሁ። ጠቀጠቅሁት፣ ተኮስሁ። ነፋሱ ወደ ወይዘሮ ጥሩ የገብስ ክምር ይዞት ሲሄድ አየሁት፤ ይጨሳል። አየሁት እኮ! ልሮጥ ስል አስከሬኑ ተነሣ፣ ቃሬዛ ያዝ ተብዬ ተጠራሁ። "ይጠፋል" ብዬ ተውሁት።

ከቀብር ስንመለስ ክምሩ ነዷል። ወይዘሮ ጥሩ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የዓመት ገብሷ ዐመድ ሆኖ መሬት ላይ ተንከባለለች። ከክምሩ በላይ ደግሞ ጎረቤታችን ሞላ፣ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ቆርጦ ከሰል ያከስል ነበር። ጉድጓዱ ገና ይጨሳል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እሱ ቀሰረ። "ማርያምን! አፈር አልብሼው ነው ወደ ቀብር የመጣሁት!" አለ። በአማርኛ ጀምሮ በአገውኛ እያለቀሰ ጨረሰው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ተቀመጡ፤ ሰው ሁሉ ያየውን በየተራ የሚናገርበት ሸንጎ ነው። አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ልጅ፣ ከተኮስኸው ያልረገጥኸው ውታፍ የለም?"

አባቴ አጠገቤ ተቀምጧል።

"የለም አባባ። አራቱንም ረግጫለሁ።"

አራቱንም! ምን ፈርቼ? እስር? አይደለም። የአባቴን ፊት ፈርቼ ነው። እሱ ግን ተነሥቶ "ልጄ አይዋሽም" ብሎ መሰከረልኝ። እሱንም ሐሰተኛ ምስክር አደረግሁት፤ ሳያውቅ ሞተ።

ሞላ አንዱን በሬውን ለወይዘሮ ጥሩ እንዲሰጥ ተፈረደበት። በሬውን ከበረቱ ፈትቶ የነዳው ማን ነው? እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ሂድ አሉኝ፣ ሄድሁ። በአንድ በሬ አይታረስ፤ ልጆቹም "የእሳት ለኳሽ ልጅ" ተባሉ። በዓመቱ አገሩን ጥሎ ጥሊሊ ከተማ ገባ፣ በቀን ሥራ ይኖራል።

ባለፈው ቅዳሜ ጥሊሊ ገበያ አየኝ። ልሸሽ ስል እጄን ያዘኝ።

"በሬዬን ስትወስድ አልቅሰሃል፤ አይቼሃለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያዘነልኝ አንተ ብቻ ነህ" አለኝ። ሴት ልጅ ወልዷል። በመጪው እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነውና የክርስትና አባት ሁናት ብሎ ለመነኝ። ምን ይዋጠኝ? "እሺ" አልሁት! እንደገና!

ዛሬ ዓርብ ነው። ነገ ማለዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጥሊሊ እወርዳለሁ። ልጅ ነበርሁ አልለውም፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ነፋሱ ነው አልለውም። ሰዉ ድገም ብሎኝ ነው አልለውም። ሸንጎው ፊት አፍ ነበረኝ፤ አፌን ለውሸት ከፈትሁት። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም፣ የበደልሁት አንተን አይደለምና። ለእሱ ከነገርሁት በኋላ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች ሰብስቤ በፊታቸው እናገራለሁ፤ በሬዬንም ነድቼ ከደጁ አስራለሁ። ልጅቱን ግን፣ ሁሉን ሰምቶ ካበቃ በኋላ፣ ለማን እንደሚያስታቅፋት እሱ ያውቃል።